ከእንጀራው እስከ ፌስታሉ፦ የተፈጥሮና ሰው ሠራሽ ፖሊመሮች ዳሰሳ

በዳላስ አቅራቢያ ባለችው የቴክሳስ ከተማ በሌዊስቪል እንጀራ የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ይዞ ይመለሳል፤ እንጀራውንና የታሸገበትን ፌስታል። የእንጀራው ዋነኛ ክፍል ስታርች ነው፣ የፌስታሉ ደግሞ ፖሊኢትሊን። በኬሚስትሪ ዓይን ሁለቱም ፖሊመሮች ናቸው። እንጀራው በሦስተኛ በአራተኛ ቀኑ ይደርቃል ወይም ይሻግታል። ፌስታሉ ግን ቆሻሻ መቀበሪያ ከገባ ገዢውንም ሻጩንም በዕድሜ ይበልጣል። ብዙ ሰው ከዚህ ተነሥቶ አንድ ፍርድ ይሰጣል፦ የተፈጥሮ የሆነው ደግ ነው፣ ሰው የሠራው ክፉ ነው።

ፍርዱ ለመያዝ ይቀላል፤ ማስረጃው ግን አይደግፈውም። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ አንድ ነው። የአንድን ፖሊመር ጠባይ የሚወስነው ከየት መጣ የሚለው አይደለም፤ ሰንሰለቱ በምን ተያያዘ፣ እንዴት ተደረደረ፣ ለምን ያህል ጊዜስ ተፈለገ የሚለው ነው። ምሳሌዎቹን በአብዛኛው ከሌዊስቪልና ከዙሪያዋ፣ ከኢትዮጵያም እንወስዳለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ያከራከረው ሰንሰለት

ሞኖመር የሚባሉ ትንንሽ ሞለኪውሎች በመቶዎችና በሺዎች ተቀጣጥለው ረጅም ሰንሰለት ሲሠሩ ፖሊመር ይባላሉ። ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚያውቀው ይህ ሐሳብ ከመቶ ዓመት በፊት ምሁራንን አጨቃጭቋል። ጀርመናዊው ኸርማን ሽታውዲንገር በ1920 ጎማንና የመሳሰሉት ነገሮች በእውነተኛ ኬሚካላዊ ትስስር የተያያዙ ግዙፍ ሞለኪውሎች ናቸው ብሎ ጻፈ። አብዛኞቹ የሙያ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም፤ ትንንሽ ሞለኪውሎች ተከማችተው ነው እንጂ እንዲህ ያለ ግዙፍ ነገር የለም አሉት። ሽታውዲንገር የኖቤል ሽልማት ያገኘው ከ33 ዓመት በኋላ፣ በ1953 ነው።

ፋብሪካው ግን ንድፈ ሐሳቡን አልጠበቀም። ቻርልስ ጉድየር ጎማን በድኝ ማብሰልን በ1839 አግኝቷል። ሊዮ ቤክላንድ የመጀመሪያውን ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ ፕላስቲክ፣ ቤክላይትን፣ በ1907 ሠርቷል። በዱፖንት ኩባንያ የዋላስ ካሮዘርስ ቡድን ናይለንን በ1935 አገኘ። ሽታውዲንገር ካጠናቸው መካከል ጎማና ሴሉሎስ ነበሩ፤ የደረሰበት ሕግ ግን ለናይለንም ለፖሊኢትሊንም እኩል ሠራ።

ከሕጉ ውስጥ ለዚህ ጽሑፍ የሚበቁን ሦስት ነጥቦች ናቸው። የመጀመሪያው የሰንሰለቱ ርዝመት ነው። አጫጭር ሰንሰለቶች ይንሸራተታሉ፤ ረጃጅሞቹ እንደ ተወሳሰበ ልቃቂት እርስ በርስ ስለሚጠላለፉ አንዱን ቢስቡት ሌላው ይይዘዋል፤ የፖሊመር ጥንካሬ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሁለተኛው አደራደራቸው ነው። ተጠጋግተው በሥርዓት ከተሰለፉ ጠንካራና ውኃ የማያስገባ ክሪስታል ይሠራሉ፤ ከተዘበራረቁ ይለሰልሳሉ። ሦስተኛው የሰንሰለቱ አከርካሪ ነው። አከርካሪው ካርቦን ብቻ ከሆነ ውኃና ኢንዛይም የሚገቡበት ቀዳዳ አያገኙም። በመሃሉ ኦክስጅን ወይም ናይትሮጅን ካለበት ግን ሊቆርጡት የሚችሉበት ቦታ አለ።

ወጥ ቤት ያለው ኬሚስትሪ

ስታርችም ሴሉሎስም የሚሠሩት ከአንድ ሞኖመር፣ ከግሉኮስ ነው። ልዩነቱ ግሉኮስ ከግሉኮስ ጋር የሚያያዝበት አቅጣጫ ብቻ ነው። በስታርች ውስጥ ሁሉም በአንድ ፊት ይሰለፋሉ፤ ሰንሰለቱም እየተጠማዘዘ ይሄዳል። በሴሉሎስ ውስጥ አንዱ ቀና ሲል ቀጣዩ ይገለበጣል፤ ሰንሰለቱ ቀጥ ይልና ከጎረቤቱ ጋር ጥብቅ አድርጎ ይያያዛል። በዚህች የአቅጣጫ ልዩነት የተነሣ የሰው ሆድ ጤፍን ይፈጫል፣ ጥጥን ግን አይፈጭም።

እናቶቻችን አብሲት ሲጥሉ የሚሠሩት ሥራ የፖሊመር ሥራ ነው። ጤፍ ግሉተን ስለሌለው ሊጡ እንደ ስንዴ ሊጥ እየተለጠጠ አየር መያዝ አይችልም። ስለዚህ ከተቦካው ላይ ጥቂት ይቀነስና በውኃ ቀጥኖ እሳት ላይ እየተማሰለ ይበስላል። ሙቀቱ የስታርቹን ቅንጣቶች ያሳብጣቸዋል፤ ውኃ ይጠጣሉ፣ ሰንሰለቶቻቸውም ተፈትተው ይወጣሉ። ያ ወፍራም አብሲት ወደ ሊጡ ሲመለስ ሊጡን ያጠነክረዋል፤ ከመቦካቱ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ቶሎ አያመልጥም። ምጣድ ላይ ሲሰጣ አረፋው ወደ ላይ ይወጣና ሲፈነዳ የእንጀራው ዓይን ይሆናል። አብሲቱ ያልበሰለ ወይም ያነሰ እንጀራ ዓይኑ የማያምረው ለዚህ ነው።

እንጀራ ሲያድር የሚደርቀው ውኃው ስለተነነ ብቻ አይደለም። በፌስታል ታሽጎም ይደርቃል። ሙቀት የፈታቸው የስታርች ሰንሰለቶች ሲቀዘቅዙ ተመልሰው ይሰለፋሉ፣ ክሪስታል ይሠራሉ፣ ውኃውን ከመካከላቸው ያስወጣሉ። ይህ መልሶ መሰለፍ ከሁሉ ይልቅ የሚፈጥነው በፍሪጅ ሙቀት፣ ከበረዶነት ትንሽ ከፍ ባለ ቅዝቃዜ ነው። ለብዙ ቀን የሚሆን እንጀራ የገዛ ሰው ፍሪጅ ውስጥ ቢያስቀምጠው ሻጋታውን ቢያዘገይም ድርቀቱን ያፋጥናል፤ ፍሪዘር ውስጥ ቢከተው ግን ሰንሰለቱ ስለማይላወስ ለስላሳነቱ ይቆያል። የደረቀውም ቢሞቅ የሚለሰልሰው አብዛኛው ክሪስታል በሙቀት ስለሚፈታ ነው።

ምጣዱም ራሱ የዚሁ ታሪክ አካል ነው። አዲስ የሸክላ ምጣድ ሲሟሽ የሚታሸው የጎመን ዘር ዘይት አለው። ዘይቱ በጋለው ምጣድ ላይ ከኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ይያያዙና ቀጭን፣ የማይሟሟ ንጣፍ ይሆናሉ። ያ ንጣፍ ፖሊመር ነው፤ እንጀራው እንዳይጣበቅ የሚያደርገውም እሱ ነው። አሜሪካ ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ በቴፍሎን የተለበጠ ነው። ቴፍሎንን ሮይ ፕለንኬት በ1938 ሳያስበው ያገኘው፣ ካርቦንና ፍሎሪን ብቻ ያሉት ፖሊመር ነው። አንዱ በማሰሻ እየታሸ በየጊዜው ይታደሳል፤ ሌላው አንዴ ከተጫረ መልሶ አይድንም። ሥራቸው ግን አንድ ነው።

ጥጥ፣ ብራናና ፀጉር

ከአሜሪካ ግዛቶች ብዙ ጥጥ የምታመርተው ቴክሳስ ናት፤ የጥጥ ቃጫ ደግሞ ከዘጠና በመቶ በላይ ሴሉሎስ ነው። በሴሉሎሱ ላይ ያሉት የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንዶች ውኃን ይስባሉ። በተለመደ የአየር እርጥበት ጥጥ የክብደቱን ሰባት ስምንት በመቶ ያህል ውኃ ሲይዝ ፖሊስተር ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። በነሐሴ የዳላስ ሙቀት የጥጥ ልብስ ላብ የሚጠጣው፣ የፖሊስተር ልብስ ደግሞ ቆዳ ላይ የሚጣበቀው በዚህ ምክንያት ነው። ፖሊስተሩ በፈንታው ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል፣ አይጨማደድም፣ አይሸበሸብም።

አንድ ጨርቅ ጥጥ ይሁን ፖሊስተር መለየት የፈለገ ከጠርዙ ጥቂት ክር መዝዞ በጥንቃቄ ይለኩሰው። ጥጥ ወረቀት ወረቀት እየሸተተ ይነድና ለስላሳ አመድ ይተዋል። ሱፍና ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታሉ። ፖሊስተር ይቀልጥና ይሸበለላል፣ ሲበርድም ጠጣር ጥቁር ጠብታ ይሆናል። «ንጹሕ ጥጥ» ተብሎ የተሸጠ ነጠላ ጥለቱ ላይ እንዲህ ያለ ጠብታ ከተወ ተቀላቅሏል ማለት ነው።

የተፈጥሮ ፖሊመር ሁሉ ቶሎ ይበሰብሳል ለሚል ሰው መልሱ ብራና ነው። ብራና የሚሠራው ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ነው። ቆዳው ተዘፍዝፎ በእንጨት ማዕቀፍ ይወጠራል፣ ጠጉሩና ስጋው ይፋቃል፣ እንደተወጠረም ይደርቃል። የቆዳው ፖሊመር ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ሲሆን ሦስት ሰንሰለት እንደ ገመድ ተገምዶበታል። ውጥረቱ ቃጫዎቹን በአንድ ገጽ ያስተኛቸዋል፤ መድረቁም ባክቴሪያ የሚፈልገውን ውኃ ይነሣዋል። በትግራይ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች በራዲዮካርቦን ሲመረመሩ ዕድሜያቸው ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ ወድቋል። እንግዲህ ተፈጥሯዊ ፖሊመር በደረቅ ቦታ ቢያንስ 1,370 ዓመት ይኖራል። በአንጻሩ ለአገር ቤት ጉዞ ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ አዲስ ጫማ ሶሉ ፖሊዩሬቴን ከሆነ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሳይረገጥ እንደ ቆሎ ሊረግፍ ይችላል፤ የአየሩ እርጥበት አከርካሪውን ይቆርጠዋልና።

ፀጉር ቤትም ሁለቱ ዓለማት ይገናኛሉ። የሰው ፀጉር ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን ነው። ሰንሰለቶቹን ጎን ለጎን ከሚያስሩት ማሰሪያዎች ሁለቱን እንይ። ደካማው የሃይድሮጅን ትስስር በውኃና በሙቀት ይፈታል፤ በካውያ የተስተካከለ ፀጉር ዝናብ ሲነካው የሚመለሰው ስለዚህ ነው። ጠንካራው የድኝ ትስስር ግን የሚፈታው በኬሚካል ብቻ ነው፤ በኬሚካል የለሰለሰ ፀጉር አዲስ እስኪበቅል የማይመለሰውም ለዚህ ነው። በሹሩባ ላይ የሚቀጠለው ሰው ሠራሽ ፀጉር ደግሞ አብዛኛው በሙቀት የሚለሰልስ ፕላስቲክ ነው። ጫፉ የፈላ ውኃ ውስጥ ሲነከር ሰንሰለቶቹ ይላወሳሉ፣ ሲቀዘቅዝም በተያዘበት ቅርጽ ይጸናል።

ከዴንተን አውራጃ ከርሠ ምድር

ሌዊስቪል ያለችበት ዴንተን አውራጃ ከስሩ ባርኔት ሼል የሚባል ጋዝ ያዘለ ድንጋይ አለ። ድንጋዩን በውኃ ግፊት ሰንጥቆ ጋዝ የማውጣት ዘመናዊ ዘዴ በስፋት የተፈተነው እዚህና በጎረቤቱ ዋይዝ አውራጃ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ በሚቸል ኢነርጂ ኩባንያ ነው። ከጋዙ ጋር ኢቴን ይወጣል። ኢቴን 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያልፍ ሙቀት ሲሰነጠቅ ኢትሊን ይሆናል፤ ኢትሊን በሰንሰለት ሲያያዝ ፖሊኢትሊን፣ ማለት ፌስታል፣ ጀሪካን፣ የወተት ጋሎን ይሆናል። የአሜሪካ የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ ዋና ማዕከል የሆነው የሂውስተን ጠረፍ ከሌዊስቪል በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ብቻ ነው።

ፖሊኢትሊንን ለኢንዱስትሪ በሚሆን መንገድ መጀመሪያ ያገኙት ኤሪክ ፎሴትና ሬጂናልድ ጊብሰን ናቸው፤ በ1933፣ እንግሊዝ ውስጥ፣ ከአንድ ሺህ አትሞስፌር በላይ በሆነ ግፊት። በዚያ ግፊት የሚሠራው ሰንሰለት ቅርንጫፍ ይበዛበታል። ቅርንጫፉ ሰንሰለቶቹ ተጠጋግተው እንዳይሰለፉ ስለሚከለክል ውጤቱ ለስላሳው፣ ቀላሉ ፕላስቲክ ነው። በ1951 ፖል ሆጋንና ሮበርት ባንክስ የሚባሉ የፊሊፕስ ፔትሮሊየም ተመራማሪዎች ከቴክሳስ በስተሰሜን በኦክላሆማዋ ባርትልስቪል በክሮሚየም ማፋጠኛ ቅርንጫፍ የለሽ ፖሊኢትሊንን አገኙ፤ ፖሊፕሮፒሊንንም እንዲሁ። በአውሮፓ ካርል ዚግለርና ጁሊዮ ናታ በሌላ መንገድ ወደዚያው ደረሱ፣ በ1963ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ቅርንጫፍ የሌለው ሰንሰለት ተጠጋግቶ ስለሚሰለፍ ጠንካራ ይሆናል፤ ቢጫው የውኃ ጀሪካን ከዚህ ነው የሚሠራው። ፌስታሉና ጀሪካኑ ያላቸው አቶም አንድ ነው፤ ጥንካሬያቸው የተለያየው በሰንሰለቱ ቅርጽ ነው።

የውኃ ፕላስቲክ፣ አገር ቤት ሃይላንድ የምንለው፣ ከሌላ ቤተሰብ ነው። ፒኢቲ ይባላል፤ አከርካሪው ውስጥ ኦክስጅን አለበት። ጠርሙሱ ሲሠራ በሙቀት ለስልሶ ተነፍቶ ስለሚወጠር ሰንሰለቶቹ እንደተሳቡ ቀዝቅዘው ይቀራሉ። ትኩስ ሻይ ሲቀዳበት የሚጨማተረው፣ 70 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ሰንሰለቶቹ መላወስ ጀምረው ወደ ቀድሞ ቅርጻቸው ስለሚሸሹ ነው።

የሚቀልጥና የማይቀልጥ

ፖሊመሮችን በሥራ ቦታ የሚከፍላቸው ትልቁ መስመር መቅለጥ ነው። ፖሊኢትሊን፣ ፖሊፕሮፒሊን፣ ፒኢቲና ናይለን ሲሞቁ ይለሰልሳሉ፣ ሲቀዘቅዙ ይጠነክራሉ፤ ደግመው ሊቀረጹ ይችላሉ። ሌሎቹ፣ እንደ ቤክላይትና የበሰለ ጎማ ያሉት፣ ሰንሰለቶቻቸው ጎን ለጎን በኬሚካል ታስረው አንድ ግዙፍ መረብ ሆነዋል። ቢያሞቋቸው ይከስላሉ እንጂ አይቀልጡም።

የአዲስ አበባ መርካቶ ይህን ከመጽሐፍ ሳይማር ያውቀዋል። ቆራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበውን ጀሪካንና ሃይላንድ ለይቶ ይሸጣል፤ ተፈጭቶ ቀልጦ ሌላ ዕቃ ይወጣዋል። ያረጀ የመኪና ጎማ ግን ወደ ማቅለጫ አይሄድም። ምናለሽ ተራ ያለው ባለሙያ በቢላዋ ይቀደዋል፣ በረባሶ ያደርገዋል። ጉድየር በ1839 በድኝ ያሰረው መረብ ስለማይፈታ ያለው አማራጭ መቁረጥ ነው፤ ለጫማም የተመረጠው ባለመፈታቱ ነው።

ቅዝቃዜም የራሱ መስመር አለው። እያንዳንዱ ፖሊመር ሰንሰለቱ መላወስ የሚያቆምበት፣ እንደ መስታወት የሚደርቅበት የሙቀት መጠን አለው። በየካቲት 2021 የዳላስ ፎርትዎርዝ አውሮፕላን ማረፊያ 19 ዲግሪ ገደማ ከዜሮ በታች ሲመዘግብ የሰሜን ቴክሳስ ቤቶች ይህን በቧንቧቸው ተማሩ። ውኃ ሲረጋ ዘጠኝ በመቶ ያህል ይሰፋል። ፒቪሲ የሚደርቅበት መጠን 80 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በተራው ቀን እንኳ ግትር ነው፤ በብርድ ጊዜ ይሰነጠቃል። ፔክስ የሚባለው እርስ በርሱ የታሰረ ፖሊኢትሊን ግን የሚደርቀው ከዜሮ በታች 100 ዲግሪን ካለፈ በኋላ ስለሆነ በበረዶው ይለጠጥና ሲቀልጥ ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው መጋጠሚያው ላይ ነው። በዚያው ሳምንት የቴክሳስ ጠረፍ የኬሚካል ፋብሪካዎች ቆሙ፤ ለወራት የፖሊኢትሊን፣ የፖሊፕሮፒሊንና የፒቪሲ እጥረትና የዋጋ ንረት በዓለም ገበያ ተሰማ።

ቤት ገዢ ሊያውቀው የሚገባ ሌላም የቧንቧ ታሪክ አለ። ከ1978 ጀምሮ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ በሚሊዮን በሚቆጠሩ የአሜሪካ ቤቶች ግራጫ ፖሊቡቲሊን ቧንቧ ተዘርግቷል። የከተማ ውኃ የሚታከምበት ክሎሪን ቧንቧውንና መጋጠሚያውን ከውስጥ እያሰለ ሰነጠቀው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1995 በ950 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ። በሌዊስቪልና በአካባቢዋ በ1980ዎቹ የተሠራ ቤት የሚገዛ ሰው መርማሪውን ስለ ግራጫው ቧንቧ ይጠይቀው።

ድንበሩ የት አለ?

እስካሁን «ተፈጥሯዊ» እና «ሰው ሠራሽ» እያልን ሄድን እንጂ መስመሩ ብዙ ቦታ ይጠፋል። ዋና መሥሪያ ቤቱ ከሌዊስቪል በቅርብ፣ ኧርቪንግ ያለው ሴላኒዝ የተነሣው በሴሉሎስ አሲቴት ነው። ሰንሰለቱን ተክል ሠራው፣ ፋብሪካ ደግሞ በላዩ ሌላ ሞለኪውል ተከለበት። ታዲያ የማን ነው?

ጎማ ይበልጥ ግራ ያጋባል። የጎማ ዛፍ ወተት፣ በምዕራብ ቴክሳስ በረሃ ከሚበቅለው ጓዩሌ የሚባል ቁጥቋጦ የሚገኘው ጎማ፣ በፋብሪካም ከነዳጅ ተዋጽኦ የሚሠራው ፖሊአይሶፕሪን በመሠረታዊ ቀመራቸው አንድ ናቸው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ማራቶን በምትባል የቴክሳስ ከተማ የጓዩሌ ጎማ ፋብሪካ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእስያን ጎማ ሲያስቀር አሜሪካ በጥድፊያ ሰው ሠራሽ ጎማ ወደ ማምረት ዞረች፤ ከፋብሪካዎቹ በርካታዎቹ የተተከሉት በቴክሳስ ጠረፍ ነው። ዛሬ የመኪና ጎማ የሁለቱ ቅይጥ ነው። የአውሮፕላን ጎማ ግን አብዛኛው የዛፍ ጎማ ነው፤ በኃይል ሲሳብ ሰንሰለቶቹ ተሰልፈው ክሪስታል ስለሚሠሩ መቀደድን ይቋቋማል።

ድንበሩ በሥራም ይደበዝዛል፦ በሪቻርድሰን ያለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በዳላስ ፖሊመር ከሚጠበቅበት በላይ መሥራት እንደሚችል አሳይቷል። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፕላስቲክ በማግኘት በ2000 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኘው አለን ማክዳያርሚድ የመጨረሻ ዓመታቱን ያስተማረው እዚያ ነው። የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው በ2014 ተራ የዓሣ ማጥመጃ ናይለንና የስፌት ክር አጥብቀው በማክረር በሙቀት የሚኮማተር፣ ተመሳሳይ ክብደትና ርዝመት ካለው የሰው ጡንቻ በላይ የሚያነሣ ሰው ሠራሽ ጡንቻ መሥራታቸውን አሳውቀዋል። ናይለኑ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አደራደሩ ነው።

መጨረሻቸው

የፖሊመሮች ጉዳት ይበልጥ የሚታየው ከአገልግሎት በኋላ ነው። በ2017 የታተመ ሰፊ ጥናት እስከ 2015 ድረስ 8.3 ቢሊዮን ቶን ፕላስቲክ እንደተመረተ፣ ከዚህም 6.3 ቢሊዮኑ ቆሻሻ እንደሆነ፣ ከቆሻሻው ዳግም ጥቅም ላይ የዋለው 9 በመቶ፣ የተቃጠለው 12 በመቶ፣ የቀረው 79 በመቶ በመቀበሪያና በሜዳ እንደተከማቸ አስልቷል።

በሌዊስቪል ወሰን ውስጥ ሁለት ትልልቅ የቆሻሻ መቀበሪያዎች አሉ። እዚያ የሚሆነውን የሚያይ ሰው የተለመደውን ፍርድ መመርመሩ አይቀርም። አየር በሌለበት የተቀበረ እንጀራ፣ ወረቀትና ጥጥ ባክቴሪያ ሲያፈርሰው ሚቴን ይወጣል፤ ሚቴን በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 ጊዜ በላይ ምድርን ያሞቃል። ፖሊኢትሊኑ ግን ዝም ብሎ ይቀመጣል። ከመቀበሪያው ውጭ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ነፋስ ወስዶ ወደ ትሪኒቲ ወንዝ የጣለው ፌስታል ፀሐይ እየሰባበረችው ወደ ማይክሮፕላስቲክ ይለወጣል፤ ይደቃል እንጂ አይጠፋም። የወንዙ መድረሻ የጋልቨስተን ባሕረ ሰላጤ ነው።

የፌስታል ሕግ በአሜሪካም በኢትዮጵያም ተንከራትቷል። ዳላስ በጥር 2015 በአንድ ፌስታል አምስት ሳንቲም ማስከፈል ጀመረች፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ሻረችው። በ2018 የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የላሬዶ ከተማ የፌስታል ክልከላ ከግዛቱ ሕግ ጋር ይጋጫል ሲል በየነ፤ የሌሎች ከተሞች ክልከላም በዚያው ቆመ። ኢትዮጵያ በ2007 ባወጣችው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊሜትር የማይበልጥና የማይበሰብሱ ፌስታሎችን ማምረትና ማስገባት ከልክላ ነበር፤ ገበያው ግን አልሰማም። በ2025 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠበቅ ያለ አዲስ ክልከላ አጽድቋል። በመጋቢት 2017 በአዲስ አበባ ቆሼ የሚባለው የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው መግደሉን ለሚያስታውስ ሰው ጉዳዩ የጽዳት ብቻ አይደለም።

ተስፋ የሚሰጠው የኬሚስትሪ ሥራ ያለው አከርካሪው ላይ ነው። በ2016 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ሳካይ ከሚባል ከተማ የጠርሙስ ማደሻ ስፍራ ፒኢቲን የሚበላ ባክቴሪያ ማግኘታቸውን አሳወቁ። በ2022 ደግሞ በኦስተን ያለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኢንዛይሙን በኮምፒውተር እገዛ አሻሽለው 50 ዲግሪ ላይ አንዳንድ የፒኢቲ ዕቃዎችን በቀናት ውስጥ ወደ ሞኖመሩ መለሱት። ይህ የሚቻለው በፒኢቲ አከርካሪ ውስጥ የሚቆረጥ ቦታ ስላለ ነው፤ ለፌስታሉ ፖሊኢትሊን ያን ያህል የሚሠራ ኢንዛይም የለም። «ይበሰብሳል» ተብሎ የሚሸጠው ከበቆሎ የሚሠራው ፒኤልኤ ኩባያም ቢሆን 60 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ የኢንዱስትሪ ብስባሽ ክምር ውስጥ ነው በቶሎ የሚፈርሰው፤ ጓሮ ቢጥሉት ወይም መቀበሪያ ቢገባ ለዓመታት ይቀመጣል። ከበቆሎ መምጣቱ ብቻውን አላዳነውም።

ፍርዱ

የቧንቧ ፖሊመር ሃምሳ ዓመት እንዲቆይ እንፈልጋለን፤ ቢቆይ ምስጋና ይገባዋል። የሆስፒታል መርፌና የደም ከረጢት ፕላስቲክ ባይኖር የሚሞተው ሰው ነው። ጥፋቱ ያለው ለሃያ ደቂቃ አገልግሎት ለዘመናት የሚኖር ሰንሰለት መምረጣችን ላይ ነው። የተፈጥሮን ፖሊመር መውደድም ብቻውን መልስ አይሆንም፤ የሚጣል እንጀራ ሚቴን ይሆናል፣ ጥጥም ብዙ ውኃ ይጠጣል።

ስለዚህ አንድ ዕቃ ሲገዛ «የተፈጥሮ ነው?» ከማለት በፊት «ለስንት ጊዜ እፈልገዋለሁ? እሱስ ስንት ጊዜ ይኖራል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሁለቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡ ይግዙት፤ ከተራራቁ ደግሞ ደጋግመው የሚጠቀሙበትን ይምረጡ። እንጀራውን ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡ፣ ትኩስ ሻይ ሃይላንድ ውስጥ አይቅዱ፣ የቤትዎን ቧንቧ ይወቁ፣ ፌስታሉን ሳይጥሉ ለሚቀጥለው እንጀራ ይዘው ይሂዱ።